ገመድ

ከኮተቤ በላይ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት የደን ጥበቃ።
ካፖርቴ የመንግሥት፣
ማጭዴ የመንግሥት፣
እጄ ግን የራሴ።

ደንቡ «ሸክሙ ይወረስ» ይላል። ማን ይሸከመዋል ወርሶ?
አንዲት ሴት ያዘለችው ሁለት ዘበኛ ያስለቅሳል ጨርሶ።
ስለዚህ ገመዱን ነበር የምንቆርጠው።
አንድ ጭረት፣ የሌሊት ልፋት ቁልቁል ይበተናል፤
ቅጠሉ ይነፍሳል፣ ጭራሮው ይንከባለላል።
ሴትዮዋ አትጮኽም።
ጎንበስ ትልና የገመዷን ጫፍና ጫፍ ትፈልጋለች።
ስሟን አላውቅም ነበር።
ጀርባዋን እንጂ።

በጥቅምት ብርድ፣ አንድ ማለዳ፣
ፒካፕ ጎትቶ አመጣብን ባለ ጎማ እንግዳ፦
የጋን ያህል በርሜል፣ ቱቦ፣ ማጣሪያ፣
ካሮጌ ታክሲ የተነቀለ ሞተር ከነቁልፍ ማንጠልጠያ።
ሠሪው የሳሪስ በያጅ ነው፣ ነጋሳ፣
ቅንድቡ በብየዳ ፍንጣሪ የሳሳ።
«አጣናው ለፎቅ መወጣጫ ወርዷል» አለን፤ «እሱን አልነካም።
ጫፉን፣ ቅርፊቱን፣ መጋዝ የናቀውን ስጡኝ።
በዚህ ውስጥ እንጨት አይነድም፤ ይታፈናል።
ትንፋሹ በቱቦ ያልፋል፣ ሞተሩም በሱ ይዘወራል።»
የታፈነ ብዙ አውቃለሁ፣
ሲያበራ ግን አላየሁም፣
ልል አሰብሁና ዝም አልሁ።

እኔን ሚዛን ላይ መደቡኝ።
ኪሎው በሁለት ብር ከሃምሳ።
ሴቶቹ በየዛፉ ሥር ተሰለፉ፣
እኔን ሲያዩ ግማሾቹ ሊመለሱ ዳዳቸው፤
«ዛሬ አይቆርጥም» ብሎ ነጋሳ ሳቀና ጠራቸው።
ያቺም ጀርባ መጣች።
ደብሪቱ ትባላለች፤ መዝገቡ ላይ ስጽፍ ሰማሁ።
ገመዷ ሦስት ቋጠሮ አለው።
አንዱ የሌላ ዘበኛ ይሆናል፤
ሁለቱን አወቅኋቸው፣
ሰው የገዛ ጽሕፈቱን እንደሚያውቀው።
«ስንት አለ?»
«ሃያ ስምንት።»
«ገመዱንም መዝነው» አለች፣ ፈትታ ሰጠችኝ፤
«እሱም ከብዶኝ ነበር።»
መዘንሁት። መርፌው ንቅንቅ አላለም።
ግማሽ ኪሎ ብዬ ጻፍሁ።

ሲመሽ ነጋሳ ጮኸ፦ «ዘበኛው፣ ገመድ ያዝ!»
ከዛፍ ዛፍ እየዘረጋሁ፣
ማጭዴ ጭኔን እየጎሸመኝ፣
እስከ ወፍጮ ቤቱ፣ እስከ ጤና ኬላው በር ተጓዝሁ።
ናፍጣ ከተወደደ ወዲህ ወፍጮው ዲዳ ነበር፤
ነርሷም ምጥ የምታዋልደው የስልኳን መብራት በጥርሷ ነክሳ ነበር።
ሞተሩ ሳል ሳል አለው፤
አንዴ ጭል፣ አንዴ ድርግም፣
ከዚያ ቀጥ።
አሥራ አንድ አምፖል። ልጆቹ ቆጠሩ፣ ደግመው ቆጠሩ።
ከተማው ከታች፣ እንደ ሰው ሠርግ፣ ከሩቅ ያበራል፤
ያን ማታ ግን ቁልቁል ያየ አልነበረም።

አሥራ ሁለት ቀን በራ።
ጎማ ያለው ነገር መሄዱ አይቀርም፤
ነጋሳ በርሜሉን ወደ ለገጣፎ ጀርባ ጎተተው፣
«እዚያም ጨለማ አለ» አለ፣ እኛ ኩርፊያችንን ሳንጨርስ።
የቀረን ጥቁር የከሰል ዱቄት
(ደብሪቱ ለጎመኗ ዘግናዋለች፣ ጎመኑም ጆሮው ሰፍቷል)
ከዛፍ ዛፍም የተሰቀለው ገመድ።

ሸክሟን ጎጆዬ ደጃፍ ታሳርፍና
«መቼ ይመለሳል?» ትለኛለች።
«እንጃ፤ ለፋሲካ ይሉ ነበር።»
አራተኛ ቋጠሮ እንደሌላት ዓይኔ ይቆጥራል።
ቁልቁለቱን ትወርዳለች።

ማጭዴ ከግንድ ላይ ተሰክቶ ዝጓል።
እኔም ካፖርቴን ደርቤ፣ ባትሪዬን ይዤ፣
ሌሊት ሌሊት፣
ሰው እንዳይቆርጠው፣
ገመድ እጠብቃለሁ።